በመካከል ሌባ የለም

የመጀመሪያውን የፈተና ወረቀት ሳርም ፈገግ ብዬ ነበር። መልሱ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ከስሌቱ ሥር ያሰፈረው ዓረፍተ ነገር አማረኝ። «ሞተሩ የሰጠውን ሁሉ አሸዋው ይቀበላል፤ በመካከል ሌባ የለም።» ቁጥር ብቻ ደርድሮ ከሚሄድ ተማሪ ይልቅ የተሳሳተበትን ምክንያት በወጉ የሚናገር ይሻለኛል። ከዳር ትንሽ የአድናቆት ምልክት አድርጌ ወረቀቱን ወደ ጎን አኖርሁት።

በሁለተኛው ወረቀት ላይም ሌባ የለም።

በሦስተኛውም።

ብዕሬን አስቀመጥሁ። ከክምሩ መካከል አንዱን፣ ከሥሩ ሌላውን እየመዘዝሁ ያንን ጥያቄ ብቻ ፈለግሁ። የእጅ ጽሑፉ ይለያያል፤ አንዱ ፊደሎቹን ያጋድማል፣ ሌላው እንደ ጡብ ይደረድራቸዋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ ድርብ ሰረዙ እንኳ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ተማሪ ከተማሪ ቢገለብጥ አያስደነግጠኝም፤ በማስተማር የኖረ ሰው ይህን ለምዶታል። ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነበር። በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ በየትኛውም ክፍል ቆሜ አልተናገርሁትም። ተማሪ ሳለሁ ለራሴ ብቻ በማጠናበት ማስታወሻ ላይ ጽፌው፣ ከጊዜ ብዛት ረስቼው፣ አሁን በክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ እጅ ተጽፎ ወደ እኔ ተመልሶ መጣ።

ጥያቄው ቀላል መስሎ የሚያዘናጋ ነው። አሸዋ ከላይ በእኩል መጠን እየፈሰሰ በሚንቀሳቀስ የማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ይወድቃል። የቀበቶው ፍጥነት እንዳይቀንስ ሞተሩ በየሰከንዱ ምን ያህል ጉልበት መጨመር አለበት? የቸኮለ ሰው አሸዋው ያገኘውን የእንቅስቃሴ ጉልበት ያሰላና «ይህን ያህል» ይላል። እውነተኛው መልስ የዚያ እጥፍ ነው። አሸዋው የቀበቶውን ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ ይንሸራተታልና ግማሹ በሰበቃ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በክፍል ሆን ብዬ አላስተማርሁትም፤ አስበው እንዲደርሱበት ፈልጌ ነበር። እነርሱ ግን አንድ ሳይቀሩ በግማሹ ላይ ቆመዋል፤ እኔ አንድ ቀን በቆምሁበት ቦታ፣ በእኔው ቃል።

ስለ ማስታወሻዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ሳጠና ልማዴ እንዲህ ነበር፤ አሁንም ነው። አንድ ነገር በስሕተት ሲገባኝ ስሕተቱን አልደመስሰውም። ጠበቃ እንደቆመለት አድርጌ፣ በጥቁር ቀለም፣ በሙሉ እምነት እጽፈዋለሁ። ከዚያ በውሃ ሰማያዊ እርሳስ ከላይ እስከ ታች ሁለት መስመር አሠምርበትና ትክክለኛውን በዚያው እርሳስ ከዳር አሰፍራለሁ። እርሳሱ ፈዛዛ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ስሕተቴን ተቀብሮ ሳይሆን ታስሮ ማየት እፈልጋለሁ፤ የተቀበረ ይረሳል፣ የታሰረ ግን ፊቱ ይታወቃል። በዚያ ገጽ ዳር ላይ የጻፍሁትም አሁን ትዝ አለኝ፤ «ሌባው ተያዘ። ስሙ ሙቀት ነው።»

ታዲያ ማስታወሻዬን ያየ ሰው ሁለት መስመር የተሠመረበትን ገልብጦ፣ ከዳር የተጻፈውን እውነት የሚተወው ለምንድን ነው?

ደንቡ ግልጽ ነው። ተመሳሳይ ቃል በብዙ ወረቀት ላይ ያገኘ መምህር በዕለቱ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ያሳውቃል። እኔ ደግሞ ደንብ አክባሪ ነኝ። ቤቴ ሄጄ መደርደሪያዬን ከማየቴ በፊት ክምሩን አቅፌ ኮሪደሩን ተሻገርሁ።

ኃላፊው ድሮ እኔንም ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ድረስ ሲጠሩኝ ልጄ ይሉኛል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

«ሌባ የለም ብሎ የሚምል ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው» አልኋቸው።

«ያንቺ ስትዪ?»

«በማጥኛ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍሁት ነው። ማስታወሻው ቤቴ ነው ያለው። ደግሞም የተሰረዘ ነው።»

መነጽራቸውን መለሱት። «ቤትሽ ማን አለ?»

«የእኅቴ ልጅ።»

መልሱን ያውቁት ነበር። ሚጢጢ የዚሁ ክፍል ተማሪ ናት። ቁመቷ ከእኔ ካለፈ ቆይቷል፤ የልጅነት ቅጽል ስሟ ግን አልለቀቃትም። የሥጋ ዘመዴ በመሆኗ የእርሷን ወረቀት እኔ አላርምም፤ የሚያርመው ከጎኔ ባለው ቢሮ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው። ኃላፊው ወረቀቷን ይዞ እንዲመጣ ደወሉለት። ምን እንደተፈጠረ ስላላወቀ ፊቱ በርቶ፣ ወረቀቱን እያውለበለበ ገባ።

«የእኅትሽ ልጅ ጉድ ናት!» አለኝ ገና ከበሩ። «የአሸዋዋን ጥያቄ እንዴት አድርጋ እንደሠራቻት! ግማሹ ሙቀት ነው ብላ እስከ መጨረሻው አስረድታለች።»

ኃላፊው ወረቀቱን ከእጁ ተቀብለው ከክምሩ ፈንጠር አድርገው አስቀመጡት። አንዷ ወደዚያ፣ ሌላው ሁሉ ወደዚህ።

«እንግዲህ እዪው፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ክፍሉ ሁሉ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ዞራ ያለፈችው አንዷ ብቻ ናት፤ እርሷም በጉድጓዱ ባለቤት ቤት የምታድር ናት። ማሩን ለራሷ፣ መርዙን ለጓደኞቿ።»

«ለምን እንዲህ ታደርጋለች?»

«ረዳት መምህር ሆኖ የሚቀረው የክፍሉ አንደኛ ነው። ወንበሩ ደግሞ አንድ ነው።» ወረቀቷን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ነገ ጠዋት ኮሚቴው ይቀመጣል። ከተረጋገጠ ትባረራለች፤ ለዓመት አይደለም፣ ለዘለቄታው። ዘመድ ስለሆንሽ ድምፅ የለሽም። ምስክር ሆነሽ ግን ትጠሪያለሽ።»

አሳልፌ የሰጠኋት እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ ደንብ አክባሪነቴ። ከዚያ የከፋው ደግሞ በክርክራቸው ውስጥ ቀዳዳ ፈልጌ ማጣቴ ነው። ባልደረባዬ «ኧረ ሚጢጢ እንኳ...» ብሎ ጀምሮ ተወው። እኔ ያንን ያህል እንኳ አልጀመርሁም።

ወደ ቤት የሄድሁት በእግሬ ነው። በየመንገዱ ክርክሩን ከመጀመሪያው አንሥቼ እንደ ስሌት ደረጃ በደረጃ እመረምረው ነበር። ማስታወሻው ያለው በእኔ ቤት ነው። እኔና እርሷ ብቻ እናገኘዋለን። የተሰረዘው ለሌሎች ደርሷል፤ እውነቱ ለእርሷ ብቻ ቀርቷል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መሸጋገሪያው ሁሉ ትክክል ነበር። የሌላ ሰው ሆኖ ባርመው ኖሮ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ክርክር ነው።

ስደርስ ሚጢጢ ሳሎን ውስጥ ልብስ እየተኮሰች ነበር።

«መጣሽ አክስቴ? ምነው ፊትሽ? ይኼን ያህል ነው እንዴ የወደቅነው?»

«መተኮሻውን ንቀዪው።»

ነቀለችው።

«ማስታወሻዬን ከዚህ ቤት አውጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ» አለች ወዲያው። «ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ መልሼዋለሁ፤ የሜካኒክሱን ብቻ። ልጆቹ ሲለምኑኝ ከረሙ። ጓደኛዬ ሬዲዮማ በር ላይ ተኝታ ልታድር ምንም አልቀራት። ልነግርሽ ነበር፣ ግን እንቢ ትላለች ብዬ ፈራሁ። ተናደድሽ?»

«ለማን ለማን ሰጠሽ?»

«ለባለ ኮፒው ሰጠሁት፣ ክፍሉ በሙሉ ከእርሱ ወሰደ። እኔ ዋናውን ይዤ መጣሁ። ምን ሆነሻል ግን? ቁጭ በይ እስቲ።»

አልተቀመጥሁም። ስለ አሸዋው፣ ስለ ዓረፍተ ነገሩ፣ ስለ ነገው ኮሚቴ፣ ኃላፊው ስላሉትም ሁሉ፣ ክስ እንደሚያነብ ሰው በቅደም ተከተል ነገርኋት። በፊቷ ላይ ፍርሃት እጠብቅ ነበር። እርሷ ግን አፏን ከፍታ ቀረች።

«ሁሉም? ሬዲዮም?» አለች። «ማስተካከያው እኮ ከዳር ተጽፏል! ‹ሌባው ተያዘ› ይላል እኮ! ዐይናቸውን ምን ጋረደው?»

«እኔም የምጠይቅሽ እርሱን ነው።»

«እኔን?» ቀስ ብላ አየችኝ። «አክስቴ፣ እኔን ነው የምትጠይቂው?»

ዐይኔን ወደ መተኮሻው መለስሁ። እርሷም ስልኳን አነሣች። «አንቺ ሬዲዮ፣ የኮፒሽን ጥራዝ ይዘሽ አሁኑኑ ነዪ። ወሬ አይደለም። ጉድ ነው የፈላው። ሩጪ!»

ሬዲዮ ስሟን ያገኘችው አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው። እያለከለከች ደርሳ በሩን ገፍታ ገባች፤ እኔን ስታይ ግን ደፉ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ቲቸር፣ እኔ ምንም አላደረግሁም» አለች። «ያደረግሁትም ካለ ከሰው ጋር ነው።»

«አይዞሽ፣ ግቢ። ይህን የአሸዋ ነገር እንዴት አጠናችሁት?»

«በቃላችን ነዋ! ሚጢጢ ‹የአክስቴ አፍ ነው ብላችሁ አጥኑት› አለችን፤ አጠናነው። ‹በመካከል ሌባ የለም› የምትለዋ ላይ ስደርስማ፣ ቲቸር ይሙቱ፣ እንባዬ ነው የመጣው። ፊዚክስ እንዲህ ይገባኛል ብዬ አላውቅማ!»

«ከዳር የተጻፈውንስ?» ሚጢጢ ጮኸች።

«የቱን ከዳር?»

«የቱን ከዳር ትለኛለች! አምጪው እስቲ!»

ሬዲዮ ጥራዙን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የአሸዋው ገጽ ከመነበቡ ብዛት ጫፉ ተጠቅልሏል። ሦስታችንም ጎንበስ አልን።

የእኔ ጽሑፍ ነው። ጥቁሩ ጥርት ብሎ፣ እንዲያውም ከዋናው ደምቆ ወጥቷል። ስሌቱ አለ። «ሌባ የለም» አለ። ሁለቱ መስመሮች ግን የሉም። ዳሩ ባዶ ነው፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንዲት ጭረት እንኳ ያልነካው።

ቀጣዩን ገጽ ገለጥሁ። ስለ ግጭት የጻፍሁት ስሕተት፣ ያለ መስመር። ሌላ ገጽ። ስለሚሽከረከር ጎማ የጻፍሁት ስሕተት፣ ያለ መስመር። እየገለጥሁ ሄድሁ። ስሕተቶቼ ከየእስራታቸው ተፈትተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ በየገጹ እንደ እውነት ቆመው ነበር። አንዳቸውም የሚያሳፍር መልክ የላቸውም። በሙሉ እምነት የጻፍኋቸው እኔ ነኝና ያምራሉ።

ዋናውን ከመደርደሪያው አውርጄ ጎን ለጎን አኖርሁት። ሚጢጢ ጣቷን በሰማያዊው መስመር ላይ አሳርፋ ወደ ኮፒው ባዶ ቦታ አሻገረችው፤ መለሰችው፤ እንደገና አሻገረችው።

«ማሽኑ አላየውም» አለች በሹክሹክታ። «አክስቴ፣ ውሃ ሰማያዊውን ማሽኑ አያየውም።»

«እና እኛ ያጠናነው ስሕተቱን ብቻ ነው?» አለች ሬዲዮ። «ሙሉውን ጥራዝ?» ከዚያ ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ስትል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዝምታው ግን አልቆየም፤ ስልኳን አውጥታ አንዱ የክፍል ጓደኛዋ ላይ መጮኽ ጀመረች። «ጥራዙን ጣለው! አዎ፣ ጣለው ነው የምልህ! ያጠናኸውንም ርሳው! እንዴት ነው የሚረሳው? እኔ ምን አውቄ! ጭንቅላትህን በግድግዳ ምታው!»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን ገጾች በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ አኖርሁና ስለ እርሳሱ ተናገርሁ። ኃላፊው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ቀለሙ ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ በረረ ነው የምትዪኝ?»

«እኔን አይመኑኝ። ዘመድ ነኝ። ጸሐፊዎ ክፍል ውስጥ ማሽን አለ፤ እርሱ ዘመድ የለውም።»

ኮሚቴው እንዳለ ተነሣ። ጸሐፊዋ ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ስታይ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ለአንድ ወረቀት ነው ይኼ ሁሉ ሰልፍ? ቀድሜ ልንገራችሁ፣ ይኼ ማሽን ሲያሰኘው እኔንም አያየኝም።» ገጹን ከእጄ ተቀብላ በመስታወቱ ላይ ደፋችው። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር አለፈ። ይህ ማሽን ሰማያዊውን ቢያየው ሚጢጢ አለቀላት፤ የምለውም አይኖረኝም።

ወረቀቱ ሞቅ እንዳለ ወጣ። ኃላፊው ቀድመው አነሡት፤ አገላበጡት፤ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩት። ፊታቸው ተለወጠ፤ የሚያውቁትን ሰው በስሙ ጠርተው፣ ዞር ሲል ሌላ ሰው ያገኙ መሰሉ።

«ሌላ ገጽ» አሉ። «እኔ የምመርጠውን።»

መረጡ። ያም ያለ መስመር፣ ያለ ዳር ጽሑፍ ወጣ። ሦስተኛ አልጠየቁም።

«እንግዲህ ሌባው የእኔ ማሽን ሊሆን ነው» አለች ጸሐፊዋ። የሳቀ የለም።

ሚጢጢ በኮሪደሩ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሬዲዮ ክንዷን እንደያዘቻት ትጠብቅ ነበር። ኃላፊው ራሳቸው ወጥተው ፊቷ ቆሙ። «ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ። ከእርሳቸው አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ኮሚቴው ክሱን ዘጋ። ነገር ግን ጥያቄው በማስታወሻው ውስጥ የነበረ በመሆኑ ለማንም ነጥብ እንዳይያዝበት ወሰነ። ፍትሐዊ ነው፤ ድምፅ ቢኖረኝ እኔም ይህንኑ እወስን ነበር።

«የእኔም አይያዝም?» አለች ሚጢጢ።

«ያንቺም።»

ከሁሉም የበለጠችው በዚያ ጥያቄ ነበር። ትከሻዋን ሰበቀች። «ግማሹ ሙቀት ሆኖ ሄደ ማለት ነው።»

«ሙቀቱን ለእኔ ተዪው» አለች ሬዲዮ፤ «ከትናንት ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለኛል።»

ከሰዓት በኋላ ቤት ተመልሼ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ፊት ቆምሁ። የውሃ ሰማያዊዎቹን እርሳሶች ሣጥን የወረስሁት ከአባቴ ነው። አባቴ ድልድይ ነዳፊ ነበር። ከመደርደሪያው በላይ ከድልድዮቹ የአንዱ ንድፍ በመስታወት ተሰቅሏል፤ የተሰቀለው ቅጂው ነው። ዋናው ግን ቁም ሣጥን ላይ ተጠቅልሎ፣ አቧራ ለብሶ ኖሯል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን የተሰቀለውን ቅጂ እያየሁ አባቴ እጁ የማያወላውል ሰው ነው ብዬ አምን ነበር። አንድም የተሳሳተ መስመር የለበትም። እኔ ግን በየገጹ እሳሳታለሁ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ጥቅሉን አወረድሁና ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

ውሃ ሰማያዊ ነበር። ከጥቁሩ መስመር ሥር፣ ከላዩ፣ ከጎኑ፣ ሁሉም ቦታ። የተተወ ቅስት፤ በላዩ ሌላ የተተወ ቅስት። «ይህ ምሰሶ ይችላል?» ይላል አንዱ ጥግ። «እንደገና ይሰላ» ይላል ሌላው። ከታች፣ ከፊርማው አጠገብ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «እርግጠኛ አይደለሁም።» ቀና ብዬ የተሰቀለውን አየሁ። ባዶ። ነጭ። አባቴ ያንን እርሳስ የመረጠው ማሽን ስለማያየው ነው። እርሱ ጥርጣሬውን የሚሰውርበትን እርሳስ፣ እኔ ስሕተቴን አስሬ የማቆይበት አድርጌው ነበር። ጠይቄው አላውቅም፤ ነግሮኝም አያውቅም።

ሚጢጢ መቼ እንደገባች አላየሁም። በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብላ የአያቷን ጽሑፍ ታነባለች።

«አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂ።»

«ትናንት እዚህ ስትገቢ... ኃላፊው ያሉትን አምነሽው ነበር?»

ቃል መምረጥ ልማዴ ነው። ብዙ ቃላት መጡልኝ፤ ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም ፈዛዛ ነበሩ።

«ግማሹን» አልኋት።

ዐይኗን ከንድፉ አንሥታ ወደ ሳሎን ወጣች።

የማስታወሻዬን የአሸዋ ገጽ አወጣሁ። ጥቁር ብዕር አንሥቼ በሰማያዊዎቹ መስመሮች ላይ ደግሜ ሁለት ጥቁር መስመር አሠመርሁ። «ሌባ የለም» የሚለው ከሥራቸው ለመነበብ አስቸገረ። ከዳርም፣ በፈዛዛው ጽሑፍ ላይ፣ «ሌባው ተያዘ። ስሙ ሙቀት ነው» ብዬ በጥቁር ጻፍሁ። ቀለሙ እስኪደርቅ ገጹን ሳልዘጋ ጠበቅሁ።

ከሳሎን የመተኮሻው እንፋሎት ድምፅ ተሰማ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና አየኋት። ትናንት አቋርጣው የነበረውን ልብስ ጨርሳ፣ የእኔን ሸሚዝ እየዘረጋች ነው።